ግድግዳው ላይ የሚታጠፈው ጠረጴዛ

ታናሽ እህቴ ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በእንጨት ሥራ ተመርቃ ቡታጅራ ከተመለሰችበት ቀን ጀምሮ ጠምጄ ያዝኳት። በቃ፣ እውነቱ ይሄ ነው። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ በአባታችን የአናጢነት ቤት ውስጥ በር ስቀባ፣ አልጋ ስሸከም አራት ዓመቴ ነው። እሷ በመጣች በሳምንቷ አንድ ወረቀት ላይ ስላ አመጣች፤ ግድግዳ ላይ በማጠፊያ የሚሰቀል የመሥሪያ ጠረጴዛ። ሥራ ሲኖር ይወርድና በሁለት ሰንሰለት ይያዛል፣ ሲያልቅ ታጥፎ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ሁለት በር ከገባ መተላለፊያ የለም።

አባቴ ወረቀቱን አየና፣ "ጌታ እጅሽን ይባርክ! ይሄ ከቆመ የራስሽን ሥራ ተቀበይበት። እኩል እንሠራለን" አላት።

እኩል! እኔን አንድ ቀን እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።

እሱ ቆሼ ከተማ በር ሊገጥም በሄደበት ቀን፣ ጠረጴዛውን ልትሰቅል ድሪሏን አነሳች።

"ከምትገተሪ ጫፉን ያዢልኝ።"

"እሺ ኢንጂነር" አልኳት።

ያዝኩላት። የምትበሳው ቦታ ግን ባዶ ጭቃ መሆኑን አውቅ ነበር። ላዩ በሲሚንቶ ስለተለሰነ ብሎኬት ይመስላል እንጂ የጭቃ ቤት ነው። እሷ ኮሌጅ እያለች ጭቃውን ረግጠን የመረግነው እኔና እናቴ ነን። የባሕር ዛፉ ቋሚ የት የት እንዳለ እጄ ያውቀዋል። ዝም አልኩ።

በማግስቱ ጣውላ አስቀምጣ መላጊያዋን ገፋ ስታደርግ ማጠፊያው ከነጭቃው ተነቅሎ ጠረጴዛው እግሯ ላይ ወደቀ። አባቴ ሮጦ አነሳላት። ከዚያ የተቦደሰውን ግድግዳ እያየ "ቋሚውን ስታችኋል" አለ።

"አንድ ክንድ ወደ ግራ ነው" አመለጠኝ።

ዞር ብሎ አየኝ። "ትናንት ታዲያ አፍሽን ምን ዘጋው?"

"ቅናት" አልኩት። ሌላ ምን ልበል?

አልተቆጣም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እህቴ መሬት ላይ ተቀምጣ የእግሯን ጣት እያሸች እርሳሷን ወረወረችብኝ።

"ተነሺ ምልክት አድርጊ፣ አንቺ ክፉ!"

ግድግዳውን እያንኳኳሁ ሦስት ቋሚ አገኘሁ። ራሴ በሳሁ፣ ራሴ አሰርኩ። አሁን ብቀመጥበት እንኳ አይነቃነቅም።

በቀደም በር ለማዘዝ ከቡኢ ከተማ የመጣ ሰውዬ "ይሄን ማን ሠራው?" ሲል አባቴ ወደ እህቴ ጠቆመ።

"እኔ ሳልኩት እንጂ የሰቀለችው እሷ ናት" አለች እየሳቀች። "እኔ የሰቀልኩትማ ጥፍሬን ነው ያስወለቀኝ።" ስለ ዝምታዬ አንድም ቃል አልተነፈሰችም።

ሰውዬውም አባቴም ሳቁ። እኔ የቀለም ብሩሼን ይዤ ቆሜ፣ በዚህም ቀናሁባት።