የታንኳ ጠራቢው የፊፊ ልብ

በጋና ባሕር ጠረፍ የኤልሚናው ታንኳ ጠራቢ ፊፊ ዘጠና ዓመት ሞልቷቸዋል። የሚስታቸው የኤኩዋ ዓይን ከጠፋ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ክንዳቸውን ይዘው ባሕሩ ዳር የሚያደርሷቸው ፊፊ ናቸው። በዚያ ዓመት ግን ፊፊ መንገድ ላይ ደረታቸውን ይዘው መቆም ጀመሩ።

"ምን አይተህ ነው የቆምከው? ቆንጆ አለፈች?" ይላሉ ኤኩዋ።

"አንቺን የምታህል አጣሁ እንጂ" ይላሉ ፊፊ፣ ትንፋሻቸው እስኪመለስ።

ኤኩዋ በቀልዱ አልተታለሉም። ለልጃቸው ለኢሲ ነገሩ፤ እሷም አባቷን ዋና ከተማው አክራ፣ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው።

"ለልብዎ ደም የሚያደርሱት ሥሮች ጠበዋል" አለች ሐኪሟ። "በዚህ ዕድሜ ደረት ከፍቶ መሥራት ከባድ ነው። በእጅዎ በኩል ቀጭን ሽቦ አስገብተን የባሰበትን ማስፋት እንችላለን። ግን ኩላሊትዎ ደካማ ነው፤ ሥሩን ለማየት የምንረጨው ቀለም ሊጎዳው ይችላል። በመድኃኒት ብቻ መቆየትም ይቻላል።"

"አባባ፣ በመድኃኒቱ ይቆዩ" አለች ኢሲ።

"እኔ ከቀደምኩ እናትሽን ማን ይዟት ይሄዳል?"

"እኔ አለሁ አይደል?"

"አንቺ ትሮጫለሽ። እሷ ቀስ ብላ ነው የምትሄደው።"

ፊፊ ሽቦውን መረጡ፤ ሥሩ ተከፈተ። ኩላሊታቸው ግን እንደተፈራው ታመመና ሆስፒታል አስቀራቸው። ኤኩዋ በየቀኑ ይደውሉ ነበር፤ "ልብህን አሳድሰህ ለማን ልትድር ነው?" እያሉ ያስቋቸዋል። በአሥራ ስድስተኛው ቀን የደወለችው ኢሲ ነበረች። እናቷ ማታ እንደተኙ ጠዋት አልነቁም።

ቀብሩ ፊፊ ከሆስፒታል እስኪወጡ ቆየ። ከሬሳው ሳጥን ኋላ ሆነው የመቃብሩን ዳገት አንዴም ሳይቆሙ ወጡ። ሰው ሁሉ ተገረመ። ደረታቸውን አላመማቸውም።

ለቀጠሮ ሲመለሱ ሐኪሟ "ሕመሙ እንዴት ነው?" አለቻቸው።

"ለቆኛል።"

"ይራመዳሉ?"

"የት ልሂድ ብዬ?"

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ከአራት ወር ኖሩ፤ መድኃኒታቸውን አላጓደሉም። አንድ ቀን ኢሲ ኬንኬ የሚባለውን የበቆሎ ሊጥ ቅቅልና ዓሣ አቅርባላቸው ሳለ፣ "ሕክምናው ቆጭቶዎታል?" ብላ ጠየቀቻቸው። ፊፊ ጣታቸውን ታጠቡ።

"ባልሄድ ኖሮ" አሉ፣ "ያን ጠዋት አጠገቧ እሆን ነበር።"

ኢሲ ዓሣውን አጥንቱን ለይታ አቀረበችላቸው፤ እሳቸውም እንዳታዝን ብለው ጥቂት በሉ።