ማሻአላህ ያልተባለላት ላም

«ኧረ ጡቷን እይ! ይህቺ ብቻዋን መንደር ታጠጣለች!» አለ ጓደኛዬ ብሩክ፣ ዛሬ ባቲ የከብት ገበያ መሃል ቆሞ። ዓይን እንዳያርፍባት የሚባለውን ማሻአላህ ግን አላለም።

ባለላሙ ሽማግሌ ፎጣቸውን ከትከሻቸው አውርደው ግቷን ሸፈኑና ገመዷን ሰበሰቡ።

ብሩክ ከአዲስ አበባ መኪናውን ይዞ የመጣ እንግዳዬ ነው። ትናንት ከሚሴን አዞርኩት፤ ዛሬ «ባቲንም አሳየኝ» ሲለኝ ደስ አለኝ። የእህቴ ላም ሞታ፣ ለመንታ ልጆቿ የምትታለብ ሌላ እየፈለግኩ ነበርና። ለማን እንደምገዛት ለሽማግሌው ነግሬ በዋጋም ተስማምተን ነበር።

«አባቴ፣ ከተሜ ነው፣ አያውቅም። ማሻአላህ!» አልኩ።

«ማሻአላህ ያልከው አንተ፤ ያያት እሱ።»

ብሩክ «ማሻአላህ! ማሻአላህ!» እያለ ላሟን ተከተለ። ቀድሞ አንዴ ቢላት ኖሮ!

«በቃ ልጄ» አሉት ሽማግሌው ሳይቆጡ። «ዓይን ያረፈባትን ላም አልሸጥም። ነገ ወተቷ ቢነጥፍ የሕፃናቱ ሐቅ አለብኝ።»

በዋጋ ለሚከራከረኝ ሰው መላ አላጣም። ለልጆቻችን አስቦ እምቢ ያለን ሰው ግን ምን ይሉታል?

አሁን መኪና ውስጥ ነን። እህቴ እየደወለች ነው፤ አላነሳሁም። እንግዳ ይዛችሁ ገበያ ወጥታችሁ ባዶ እጃችሁን የተመለሳችሁ፣ ቤት ስትገቡ ምን አላችሁ?