የሁምቦ ፓምፖች ሰሌዳ

«ደመናው ዞረ ወይ በሁምቦ ተራራ፣
የእናቴ እንስራ…»

እዚህ ላይ ዜማው ይጠፋባታል። ትዕዛዝ ጩማ ቀሪውን «እም… እም…» እያለች ትሞላዋለች። በሚሊኒየሙ ዓመት በጋ፣ ሶዶ ውስጥ ባንድ የውኃ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ሳለች፣ ጣቷ ሲተይብ ከንፈሯ ይህንኑ ያንጎራጉር ነበር።

የምትተይበው ከየቀበሌው የሚመጣውን ነው፦ የትኛው የእጅ ፓምፕ ይሠራል፣ የትኛው ቆሟል፣ ምኑ ተሰበረ። አንዱ ቅጂ ወደ በላይ አካል ይሄዳል፤ ሌላው መደርደሪያ ላይ ይተኛል።

አንድ ቀን ጥሩነሽ የሚባሉ የሁምቦ እናት ባዶ ጀሪካን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ በዚያ ሐሩር ቆላውን አቋርጬ ሄጄ ፓምፑ ሞቶ ጠበቀኝ። እናንተ ታውቁ ነበር?»

«እናውቅ ነበር፣ እማማ።»

«ታዲያ ለማን ነው የምታውቁት?»

ይህች ጥያቄ እንደ እሾህ ገብታ አልወጣ አለቻት። ትዕዛዝ ወደ ኃላፊዋ ወደ አቶ ደገፉ ገባች። መረጃው በየሳምንቱ ውጭ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ይነገር፣ የፈለገም ይገልብጠው አለች።

«ገመናችንን አደባባይ ልታወጪ?»

«ጋሼ፣ የደረቀውን ፓምፕ ሲነቀንቅ የሚውለው ሕዝቡ ነው። ገመናውን ከማን ልንደብቅ?»

አቶ ደገፉ ሳይወዱ ሳቁ። «አንድ ወር እንየው። ስድብ ብቻ ካተረፍን ግን ሰሌዳሽን ተሸክመሽ ቤትሽ ትገቢያለሽ!»

ስድቡ አልዘገየም። «መቆሙንማ እኛም እናውቃለን፤ ጠግኑት እንጂ!» የሚል ድምፅ በመስኮት እየገባ የአቶ ደገፉን ፊት ያጠቁረው ጀመር። እርግጥ ሴቶቹ ወደ ሞተ ፓምፕ መንከራተት ትተዋል፤ የውኃ ጋሪዎችም ወደሚሠራው ዞረዋል። ይህ ግን በመስኮት አይሰማም። ትዕዛዝ ደግሞ በምሳ ሰዓቷ ሰሌዳው ሥር ቆማ፣ ማንበብ ለማይችለው በወላይትኛ ስትነግር፣ ምሳ ዕቃዋ ሳይከፈት ወደ ቤት ይመለስ ነበር። አንድም ቀን ስታማርር አልተሰማችም።

ወሩ ሊያልቅ ሲል ቡሽራ ብቅ አለ፤ የስልጤ ሰው፣ ገበያው ዳር የመለዋወጫ ሱቅ ያለው። ሰሌዳውን በየሳምንቱ በካርቶን ቁራጭ ላይ ሲገለብጥ ሰንብቷል።

«እትዬ ትዕዛዝ፣ አብዛኛው ፓምፕ የቆመው ውስጡ ያለው አንድ ዓይነት የማሸጊያ ጎማ እያለቀ እኮ ነው! ፈላጊውን ሳላውቅ እንዴት ላመጣው? ይኸው፣ አሁን ከአዲስ አበባ አስጫንኩ።»

አቶ ደገፉ ከቢሯቸው ወጡ። «እኛ እንዴት አላየነውም?»

«እናንተ የምታዩት ቀበሌ በቀበሌ ነው፣ ጋሼ። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ የሚደጋገም ነገር ሳይ እጄን ይበላኛል።»

የየመንደሩ የውኃ ኮሚቴዎች ጎማውን ከመዋጯቸው ገዙ። በሁምቦ ቆላ የተዘጋ ጉሮሮ አንድ በአንድ ተከፈተ፤ ዝምታ የዋጠው የፓምፕ እጀታ ሲጢጥ ሲጢጥ እያለ ዘፈነ። በወሩ መጨረሻ አቶ ደገፉ ራሳቸው ጠመኔ አንሥተው፣ በወይዘሮ ጥሩነሽ መንደር አንጻር ያለውን «ቆሟል» አጥፍተው «ይሠራል» ብለው ጻፉ።

«ሰሌዳው ይቆይ» አሉ፣ እጃቸውን እያራገፉ። «ምን ይደረግ፣ ስድቡንም ለመድነው።»

በዚያ ቀን ምሳ ሰዓት ትዕዛዝ እንደ ልማዷ ወጣች። ሰሌዳው ሥር ግን አንድ ባለ ጋሪ በወላይትኛ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሴቶቹ ከበውት ይከራከራሉ። ዞር ብሎ ያያት የለም። ጥቂት ቆማ ሰማች። ከዚያ ገብታ ምሳ ዕቃዋን ከፈተች፤ ቅቤ የነካው ጎደሬ ነበር፣ ገና ለብ ያለ። ወንበሯን ሳበች፣ ተቀመጠች፣ በላች።