የሽንት ቤቱ ቁልፍ

በረኪና ወለል ላይ ሲደፋና ሽታው አየሩን ሲወጋው፣ ዛሬም ከእምብርቴ በታች የሆነ ነገር ኩምትር ይልብኛል። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ይሁን ሆቴል ደጃፍ፣ ሽታው በመጣ ቁጥር ለአፍታ እቆምና ወደ አምቦ፣ ወደ አምስተኛ ክፍል፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ወደነበረው የሴቶች ሽንት ቤት እመለሳለሁ። ሦስት ክፍል ያለው የብሎኬት ቤት ነበር፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ አንድ የቆርቆሮ በር ከውጭ ይዘጋው ነበር፣ በሩ ላይ ደግሞ የእኔን መዳፍ የሚያህል መቆለፊያ ተንጠልጥሎ ይኖር ነበር።

ያንን ቤት የሚያጥቡት የተማሪ እናቶች ነበሩ። እናቴ ገበያው አጠገብ በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የልብስ ስፌት መኪና ዘርግታ የምትሠራ ሴት ነበረች፣ የወላጅ ኮሚቴ አባል ከሆነች በኋላ ግን ክረምቱ መውጫ ላይ መኪናዋን ሸፍና መጥረጊያና ጀሪካን ይዛ ወደ ትምህርት ቤት ትሄድ ነበር። ከጎረቤታችን ከእትዬ በላይነሽና ከሌሎች እናቶች ጋር ሆነው የመማሪያ ክፍሎቹን ጭቃ ይጠርጋሉ፣ የተሰበረ ወንበር ይለቅማሉ፣ ትምህርት ከተጀመረ በኋላም በሳምንት ሁለት ቀን በፈረስ ጋሪ ውሃ ጭነው እያመጡ የሴቶቹን ሽንት ቤት በበረኪና ያጥቡ ነበር። ማንም አይከፍላቸውም። ሰፈሩ ሁሉ በእኔ ስም «ሀዳ ሌንሴ» እያለ ነበር የሚጠራት፣ የሌንሴ እናት ማለት ነው፣ እሷም ይህን ስትሰማ ፊቷ ይበራ ነበር። እኔ ግን ግቢ ውስጥ ሳያት ደስታና ፍርሃት እኩል ይይዙኝ ነበር፣ ምክንያቱም እናቴ ስትናገር ድምፅዋ አጥር የሚሻገር ሴት ነበረች፣ እኔ ደግሞ ስሜን ስጠየቅ እንኳ መሬት መሬት የማይ ልጅ ነበርኩ። «አፍ የለሽም እንዴ?» ትለኝ ነበር፣ በሱቅ፣ በቤተ ዘመድ፣ በታክሲ ውስጥ። በክፋት አልነበረም። እኔ ግን ያቺን ጥያቄ ከአለንጋ በላይ እፈራት ነበር።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀመር መቆለፊያው እዚያው ነበር። ቁልፉ ያለው ዩኒት ሊደራችን ቲቸር ጽጌ ዘንድ ነው፣ ፈልጎ ማግኘት የሚቻለውም በእረፍት ሰዓት በመምህራን ማረፊያ ክፍል ብቻ ነበር። አንዲት ልጅ ቁልፉን ከፈለገች በሩ ላይ ትቆማለች፣ መምህራኑ ጨዋታቸውን እስኪያቆሙ ትጠብቃለች፣ ከዚያ ሁሉም የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ዞሮ እያያት «ቲቸር፣ ቁልፍ» ትላለች። ቲቸር ጽጌ ረጅም ሴት ነበሩ፣ ሲያዩ ዓይናቸውን አያርገበግቡም። ደፋሮቹ ይሄዳሉ። ያልደፈሩት ከአጥሩ ጥግ ወዳለው ባህር ዛፍ ይሄዱ ነበር፣ እዚያ ግን የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ወንዶች ግንቡ ላይ ተደርድረው ያፏጫሉ። እኔ ከሁለቱም አልነበርኩም። ጠዋት ሻይዬን ሳልጠጣ እወጣ ነበር፣ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ጉልበቶቼን አጣብቄ እቀመጣለሁ፣ አምስተኛው ላይ መምህሩ የሚሉት አይሰማኝም፣ ደወሉ ሲደወል ደግሞ እየሮጥኩ፣ መንገዱን በቤት ቁጥር እየቆጠርኩ ቤት እደርስ ነበር።

ዓመቶቹም በከተማው ሰልፍና ተኩስ የበዛባቸው የፍርሃት ዓመቶች ነበሩ። አንዳንድ ጠዋት ሱቆቹ ሳይከፈቱ ይቀራሉ፣ ጋሪዎቹ አይታዩም፣ እናቴ በሩ ላይ ቆማ ጆሮዋን ወደ አስፋልቱ ትጥልና «ዛሬ አትሄጂም» ትለኝ ነበር። እንደዚያ ባሉ ቀኖች ትልልቆቹ ሲፈሩ እኔ በድብቅ እፎይ እል ነበር፣ ቤት ውስጥ ያለው በር መቆለፊያ አልነበረውምና።

ህዳር ላይ ብርዱ ሲጠነክር ታመምኩ። ወገቤን ይወጋኝ ጀመር፣ ሽንቴ እንደ እሳት ያቃጥለኝ ነበር፣ ትኩሳቴም አልወርድ አለ። ጤና ጣቢያ ስንሄድ ነርሷ ወረቀቱን አየችና «ይቺ ልጅ ውሃ አትጠጣም እንዴ? ሽንቷን ትቋጥራለች?» ብላ ጠየቀች። እናቴ ቀና ብላ አየችኝ።

«ትምህርት ቤት ሽንት ቤት አትሄጂም?»

«ዝግ ነው።»

«ቁልፉን አትጠይቂም? አፍ የለ…»

ሳትጨርሰው ቀደምኳት። «ጠይቄያቸው ነበር። ከለከሉኝ።»

ያን ቃል የተናገርኩት ያቺን ጥያቄ ላለመስማት ብቻ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ከዚያ በር ላይ ቆሜ አላውቅም። እናቴ መድኃኒቱን ተቀብላ ነጠላዋን አጣፋች፣ መንገድ ላይም እጄን ከወትሮው አጥብቃ ይዛኝ ነበር። ቃሉን መልሼ መዋጥ የምችለው ያኔ ነበር፤ አልቻልኩም።

በሳምንቱ ወደ ትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ አብራኝ መጣች። እኔ ክፍል ገብቼ ተቀመጥኩ፣ መስኮቱ ክፍት ስለነበር ግን ሁሉም ይሰማ ነበር። መጀመሪያ ላይ እናቴ ቲቸር ጽጌን እርስዎ ትላቸው ነበር።

«እኛ ውሃ በጋሪ የምናመላልሰው ልጆቻችን እንዲታመሙ ነው? ልጄ ለምና ከለከሏት!»

«ማሎ፣ እባክዎ ሀዳ ሌንሴ፣ ቀስ ይበሉ» አሉ ቲቸር ጽጌ። «ልጅዎ እኔን ጠይቃኝ አታውቅም።»

«ልጄ ውሸታም ናት ማለት ነው?»

«ውሸታም አላልኩም። አልጠየቀችኝም ነው ያልኩት።»

«አንቺ መውለድ ምን እንደሆነ አታውቂም!»

ክፍሉ ውስጥ ያሉት ልጆች ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። እናቴ አንቺ ያለቻቸው፣ ልጅ ያልነበራቸውን ቲቸር ጽጌን ነበር። እኔ ደብተሬን ገልጬ የማላነበውን ገጽ እያየሁ፣ ዛሬ ካልሆነ ነገ ይህ ሁሉ በእኔ ላይ ይፈርሳል እያልኩ ተቀመጥኩ።

ታህሳስ ሙሉ ጋሪው አልመጣም። እናቶቹ አደሙ። «ውሃ የምንቀዳው ለመቆለፊያው ነው እንዴ? እንዳይጠማው ነው?» እያለች እትዬ በላይነሽ ታስቃቸው ነበር። መምህራኑም በበኩላቸው፣ የመንደር ሴት ገብታ የምትሰድበን ከሆነ ቁልፍ ይዘን አንለፋም ስላሉ፣ ሽንት ቤቱ ጭራሽ ለማንም መከፈቱ ቀረ። ድሮ ቁልፍ ይጠይቁ የነበሩት ደፋሮቹም ወደ ባህር ዛፉ መሄድ ጀመሩ። አንዷ በአጠገቤ ስታልፍ «በአንቺ የተነሳ ነው» አለችኝ። ቲቸር ጽጌ ሳይንስ ያስተምሩን ነበር፤ በቀላቸውን በየቀኑ ጠበቅኩ፣ አንድ ጊዜ ጥያቄ ይጠይቁኛል፣ አንድ ጊዜ ከክፍል ያስወጡኛል ብዬ። ምንም አላደረጉኝም። ዓይናቸው ከጎኔ ካለችው ልጅ ወደ ኋላዬ ወዳለችው ይዘልል ነበር፣ የእኔ ቦታ ባዶ ወንበር ይመስል።

ጥር አልፎ ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሲጀመር የወላጅ ኮሚቴው ሊቀ መንበር ኦቦ ፈይሳ ሁለቱን ወገኖች አንድ ቅዳሜ ጠሩ። የወፍጮ ቤት ባለቤት ነበሩ፣ ኮታቸው ትከሻ ላይ ሁልጊዜ ዱቄት አይጠፋም። ትልልቆቹ ሰዎች በእኛ በትንንሾቹ ወንበሮች ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡ፣ እናቶቹ በመስኮቱ በኩል፣ መምህራኑ በጥቁር ሰሌዳው በኩል፣ እኔ ደግሞ በሩ አጠገብ ቆምኩ።

ቲቸር ጽጌ ተነስተው ስለ ቁልፉ ተናገሩ። ዓምና ወንዶቹ ገብተው የሴት ልጆችን ስም ከነብልግናው ግድግዳው ላይ ጽፈው ነበር። አንዲትን ልጅም ከውስጥ እያለች በሩን ከውጭ ዘግተውባት ሄደዋል፣ ያገኟት እሳቸው ናቸው። «ድምፅ አልነበራትም» አሉ፣ «ጮሃ ጮሃ አልቆባት ነበር። መቆለፊያውን በገዛ ገንዘቤ የገዛሁት በማግስቱ ነው። አሁን የማልከፍተውንም እናንተ ተሰደብኩ ብላ ነው ትላላችሁ። እኔ ግን ያቺን ልጅ ነው የማየው።»

ስለዚያች ልጅ ከእናቶቹ አንዳቸውም አያውቁም ነበር።

እናቴ ግን ወደ ኋላ አላለችም። «እሺ፣ ይቆለፍ። ልጅ ስትጠይቅ መከልከልን ምን አመጣው? ልጄ አትዋሽም» አለች።

ያኔ ኦቦ ፈይሳ ወደ በሩ ዞሩ። «ኢንተላ፣ ነይ እስቲ፣ ልጄ» አሉኝ። «ማንም አይነካሽም። ጠይቀሻቸዋል ወይስ አልጠየቅሻቸውም?»

መሃል ላይ ቆምኩ። የሲሚንቶው ወለል ላይ የተሰነጠቀ መስመር ነበር፣ እሱን አየሁ። ጠይቄያለሁ ካልኩ ቲቸር ጽጌ ያዩኛል፣ አልጠየቅኩም ካልኩ እናቴ ታየኛለች። አንድ መምህር ጉሮሮውን ጠረገ። «በይ እንጂ የኔ እናት» አለች እትዬ በላይነሽ። በመጨረሻ የወጣው ድምፅ የእኔ አይመስልም ነበር።

«አልጠየቅኩም።»

ማንም አልሳቀም። እናቴን ለማየት አልደፈርኩም፣ ወንበሩ ሲንቋቋ ግን መነሳቷን አወቅኩ።

«ቲቸር ጽጌ፣ በአደባባይ ነው የተናገርኩዎት፣ በአደባባይ ይቅር ይበሉኝ» አለች። ድምፅዋ ከዚያች ክፍል የሚያልፍ አልነበረም። ቲቸር ጽጌ አንገታቸውን በእሺታ ነቀነቁ። እናቴ ግን አልተቀመጠችም። «አንድ ነገር ልጨምር። ልጄ የዋሸችው እኔን ፈርታ ነው፣ ያልጠየቀችው እርስዎን ፈርታ ነው። የእኔን እኔ ቤቴ ገብቼ አስብበታለሁ። የእርስዎን እርስዎ ያስቡበት።»

ቲቸር ጽጌ ቁልፉን ከቦርሳቸው አውጥተው ኦቦ ፈይሳ ፊት አስቀመጡት። ከዚያ በኋላ የተነጋገሩት ቶሎ አለቀ፦ በእረፍት ሰዓት ከእናቶቹ አንዷ በተራ እየመጣች በሩ አጠገብ ትቀመጣለች፣ በሩ ክፍት ይሆናል፣ ማንም ልጅ ማንንም አትጠይቅም፣ መምህራኑ ደግሞ ወንዶቹን ከግንቡ ላይ ያወርዳሉ።

ወደ ቤት ስንሄድ እናቴ ከፊቴ ፊቴ ትራመድ ነበር። ልትመታኝ ነው ብዬ እያንዳንዱን እርምጃዋን እቆጥር ነበር። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ቆመች።

«እውነት እኔን ፈርተሽ ነው?»

እዚያ ሁሉ ሰው ፊት እርግጠኛ ሆና የተናገረችውን ነው የጠየቀችኝ። አይደለም እንድላት ፈልጋ እንደነበር ዛሬ ይገባኛል። «አዎ» አልኳት።

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ መንገዷን ቀጠለች። ከዚያ ቀን ወዲያ «አፍ የለሽም እንዴ» ብላኝ አታውቅም። ግን ወደ ትምህርት ቤቱም አልተመለሰችም፤ ስፌት በዛብኝ ብላ ከኮሚቴው ወጣች። ሚያዝያ ላይ የበልጉ ዝናብ ሲመጣ እናቶቹ በየተራቸው ጃንጥላ ይዘው በሩ አጠገብ ይቀመጡ ነበር፣ እኔም እንደማንኛዋም ልጅ ገብቼ እወጣ ነበር፣ በገባሁ ቁጥርም በሩ አጠገብ የተቀመጠችው እናቴ እንዳልሆነች አያለሁ።

ዛሬ እንጭኒ ከተማ ውስጥ አስተማሪ ነኝ። ወላጆችና መምህራን አሁንም ይጣላሉ፣ ብቻ ጥሉ ከሰውየው ቀድሞ በቴሌግራም ይደርሳል። ባለፈው ጥቅምት ግን አንድ አባት በእግሩ መጣ፣ ሴት ልጁን ከኋላው አስከትሎ። «ሰሌዳው አይታየኝም፣ ፊት ልቀመጥ ብላ ሦስቴ ነግራሽ ሦስቴ ችላ ብለሻታል!» ብሎ በተማሪዎቼ ፊት ጮኸብኝ። ልጅቷ ጫማዋን ታይ ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ ነግራኝ አታውቅም። አልነገረችኝም ብል እውነት ነበር።

«ሳልሰማት ቀርቼ ይሆናል» አልኩ። «ከዛሬ ጀምሮ ፊት ትቀመጣለች።»

የሥራ ባልደረቦቼ ተቆጡኝ፣ ያላጠፋሽውን ከተቀበልሽ ነገ ሁሉም ይጮህብሻል አሉኝ፣ ምናልባት ልክ ናቸው። ቲቸር ጽጌ እውነቱን ተናግረው ነበር፣ በሩም የተከፈተው ያ እውነት ስለወጣ ነው፤ የእኔ ግን አንዲት ልጅን ከአንድ ወንበር ወደ ሌላ ከማዛወር ያለፈ አልነበረም። የቱ እንደሚሻል አላውቅም። ያኔ ወደ መምህራኑ በር መሄድ የነበረብኝ እኔ ልጅቷ ነበርኩ። ይቺ ፊት የተቀመጠችው ልጅ ዛሬም እጇን አታወጣም፣ ስለዚህ ሰሌዳው ላይ ጽፌ ስጨርስ እኔ ነኝ ወንበሯ ድረስ ሄጄ ይታይሻል ወይ ብዬ ለመጠየቅ ጎንበስ የምለው።