መድፍ ሳይተኩስ ስለሞተው መርከበኛ

እኛ የስቶክሆልም ሐበሾች እስካሁን ክፉ ሰው ቀብረን አናውቅም። በዕድራችን የሟቾችን የሕይወት ታሪክ የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ ነው። ንፉጉን ቁጥብ፣ ተሳዳቢውን ግልጽ፣ ሚስቱን ያስለቀሰውን ለቤቱ አሳቢ እያልኩ ሃያ ዓመት ጽፌያለሁ። ቀባሪውም አምኖኝ ያለቅሳል።

ጋሽ ገብረመድህንም ለዚሁ ሙያዬ ሄሰልቢ ቤታቸው ጠሩኝ። በደርግ ጊዜ ምጽዋ የባሕር ኃይል መድፈኛ ነበሩ፤ በየማኅበሩ ሲያወሩት ቀይ ባሕር ራሱ የሚፈራቸው ይመስላል። አሁን ጡረታ ወጥተው፣ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ከሩስያ ጋር በተዋጋች አሮጌ የጦር መርከብ ላይ በነጻ ያስጎበኛሉ። ቅዳሜ በዚያች መርከብ ስላገለገለ፣ ራስክ ስለሚባል አንድ ተራ ስዊድናዊ መርከበኛ ለጎብኚ ሊናገሩ ነው።

«አሳምረህ ጻፍልኝ» አሉኝ።

«ዕድርተኛችን አይደለም እኮ!» ብል ማን ይስማኝ። ጻፍኩ። ራስክን ሰው አክባሪና እንግዳ ተቀባይ አደረግሁት፤ ሁለት የጠላት መርከብ አሰመጥኩለት፤ ለቤተሰቦቹም መጽናናትን ተመኘሁ።

የመርከቧ ኃላፊ ዲቦራ ሻርሆልመን የተወለደች የእኛው ልጅ ናት። ወረቀቱን ከጋሽ ገብረመድህን ተቀብላ ስታነበው ራሷን ያዘች።

«ጋሼ፣ አርኪቨት ላይ፣ መዝገብ ቤቱ ውስጥ፣ እንዲህ የሚል የለም! ራስክ አንድ በጋ ቀዘፈ፣ በተቅማጥ ሞተ፣ ባሕር ውስጥ ተጣለ። አንድም ጥይት አልተኮሰም። እርስዎ ይህን ካነበቡ አለቆቼ እኔን ከሥራ ያባርሩኛል።»

ጋሽ ገብረመድህን ወረቀቱን ይዘው ወደ እኔ መጡ። «እውነቱን ጻፍ» አሉኝ።

«እውነቱ ግማሽ ገጽ አይሞላም።»

«ቶሌሳም አልሞላም» አሉና ተቀመጡ። ቶሌሳ የመርከባቸው ሽንኩርት ላጭ ነበር። በጦርነቱ መሃል እሱም በተቅማጥ ሞቶ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ወደ ባሕር ሲወረወር፣ ሁለት ቃል ልናገርለት ብለው አለቃቸውን ለመኑ። አለቃው «ስለ ሽንኩርት ላጭ ምን ይባላል?» አላቸው።

«እርስዎ መድፈኛው እንኳ ለምነው?»

«የምን መድፍ? እኔም ሽንኩርት ነበር የምልጠው። አንድ ቀን በሰው ፊት ስሙን ባነሳው ደስ ይለኛል። ግን እሱን ካነሳሁ መድፌ ይሄዳል።» አንገታቸውን ደፉ፤ አሳዘኑኝ።

እኔ ግን ቀድሜ ለዕድራችን መልእክት ልኬ ነበር፤ «ቅዳሜ ስድስት ሰዓት መርከቧ ላይ የሕይወት ታሪክ ስለሚነበብ እንድትገኙ» ብዬ። የማን እንደሆነ አልጻፍኩም። ቅዳሜ ከዮርድብሩ እስከ ሄሰልቢ ያለው ሐበሻ ጥቁር ለብሶ መጣ። ለቅሶ የማያመልጣት ብርቅአየሁ የምስር ወጥ በድስት ይዛ፣ ዓይኗ ቀልቶ «ማን ነው የሞተው?» አለችኝ። ስዊድኖቹ ጎብኚዎች ቦታ ለቀቁልን። ዲቦራ በዓይኗ በላችኝ።

ጋሽ ገብረመድህን በስዊድንኛ ጀመሩ። ራስክ ቀዘፈ፤ ታመመ፤ ሞተ። ጨረሱ። ከዚያ እኛን አዩንና በአማርኛ ቀጠሉ።

«ቶሌሳ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ። የባሕር ኃይል ሽንኩርት ላጭ ነበር። አጠገቡ ተቀምጬ የምልጠው እኔ ነኝ፤ መድፍ ነክቼ አላውቅም። ዘፈን ይወድ ነበር፤ ድምፁ ግን አስቀያሚ ነው። ሲሞት ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር።»

ሰው ይስቅባቸዋል ብዬ ፈራሁ። ብርቅአየሁ ድስቷን መሬት አስቀመጠችና «ወይኔ ቶሌሳ!» ብላ ደረቷን መታች። በሃያ ዓመት ውስጥ የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ሳለቅስ የዚያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።