ምስክሩም ዝም ሲል

በምርመራ ክፍሉ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። ሃያ ሁለት ዓመት ቀለም ስትነክር ጣቶቿ ሰማያዊ ሆነው ስለቀሩ ሁሉም «ወይዘሮ ሰማያዊ» ይሏታል፤ እሷም ወዳዋለች። ከአንጀት የተቆረጠች ሥጋ ተቀብላ ታቀዘቅዛለች፣ ስስ አድርጋ ትቆርጣለች፣ ቀለም ውስጥ ትነክርና በማይክሮስኮፕ ታያለች። በዚህ ሥራ የሚስተካከላት የለም፤ ይህንን ደግሞ ከማንም ቀድማ የምትናገረው ራሷ ናት።

አዲስ ሐኪም በመጣ ቁጥር ቁጭ አድርጋ ታስረዳዋለች። «አንጀት መኮማተር ብቻ አይበቃውም፤ ምግቡ እንዲያልፍ ከፊት ያለው መላላት አለበት። ነርቩ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ይለቅና ጡንቻውን ‹ፈታ በል› ይለዋል። በቃ፣ ቋንቋው ይህቺው ናት። ቆሽት ውስጥም ይህንኑ ጋዝ የሚለቁ ነርቮች አሉ።» ጋዙ በሰከንዶች ስለሚጠፋ አይታይም፤ ጋዙን የሚሠራው ኢንዛይም ግን በእሷ ቀለም ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። አንድ ቀን ቤቷ ሆና ለአንድ ሐኪም በስልክ ስታስረዳ «ፈታ! ፈታ እኮ ነው ያልኩህ!» እያለች ስትጮህ የሰማች ጎረቤት ትዳሯ የፈረሰ መስሏት ልታጽናናት መጥታለች።

አንድ ረቡዕ ረፋድ ላይ ከቀዶ ሕክምና ክፍል የአንድ ሕፃን አንጀት ቁራጭ መጣ። ሕፃኑ አሥራ ሁለት ቀኑ ነው። ሆዱ ተነፍቷል፣ ዳይፐሩ ግን ንጹሕ ነው። የታችኛው አንጀቱ ነርቭ ሳይበቅልበት ስለቀረ እንደተኮማተረ ይኖራል፤ ፈታ በል የሚለው የለም። ቀዶ ሐኪሙ ነርቭ የሌለውን ቆርጦ ጤነኛውን ማያያዝ አለበት። የት ላይ እንደሚቆርጥ የምትነግረው ወይዘሮ ሰማያዊ ናት። ጥቂት ከቆረጠ ሕመሙ እዚያው ይቀራል፤ ካበዛ ልጁ ዕድሜ ልኩን የሚፈልገውን አንጀት ያጣል።

ቁራጩ ተነክሮ ሲወጣ መጀመሪያ ያየው ወጣቱ ሐኪም ነው። «ሰማያዊ የለም። ወደ ላይ ጨምረው ይቁረጡ ልበላቸው?» አለና ስልኩን አነሳ።

«አስቀምጠው ዶክተርዬ። ምስክሩን አይተኸዋል?»

ምስክር የምትለው ከበሽተኛው ሥጋ ጎን፣ በዚያው መስታወት ላይ የምታኖራትን የአይጥ ቆሽት ቁራጭ ነው። ቆሽቷ ጤነኛ ስለሆነች ነርቮቿ ሁልጊዜ ሰማያዊ መውጣት አለባቸው። ሌሎቹ ባለሙያዎች ጊዜ ማባከን ነው ብለው ትተውታል፤ እሷ አንድ ቀንም አልተወችውም።

ሐኪሙ መስታወቱን ገፋ አድርጎ አየ። ፊቱ ተለወጠ። «ምስክሩም ዝም ብሏል።»

«እንግዲያው የሞተው ቀለሙ ነው፤ የልጁን አንጀት ገና አላየነውም።»

ዘወር ስትል የቀለሙ ዱቄት ብልቃጥ መስኮቱ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ቆሟል። ማቀዝቀዣ ውስጥ መሆን የነበረበት ነው። ጠዋት እዚያ ያስቀመጠችውም ራሷ ናት። በራሷ ላይ ቆሽቷ አረረ። ስልኩን ከወጣቱ ሐኪም ተቀብላ ለቀዶ ሐኪሙ ደወለች።

«ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ፤ ቀለሙን አበላሽቼዋለሁ። ሃያ ደቂቃ ይስጡኝ።»

«እሜቴ፣ የልጁን ሆድ ከፍቼ ቆሜያለሁ እኮ!» አለ ቀዶ ሐኪሙ።

«ይቁሙ። በእኔ ስህተት አንዲት ጣት አንጀት አትቆረጥም።»

ያልተከፈተ ብልቃጥ ከማቀዝቀዣው አወጣች፣ በጠበጠች፣ አዲስ ቁራጮች ነክራ በሰውነት ሙቀት ልክ አሞቀች። ወጣቱ ሐኪም ሰዓቱን ሲያይ እሷ መስታወቱን ታያለች። በአሥራ ስምንተኛው ደቂቃ የአይጧ ቆሽት ሰማያዊ ሆነች። ቀጥሎ በሕፃኑ አንጀት ሁለት የጡንቻ ንብርብሮች መካከል ሰማያዊ የነርቭ ሴሎች ተሰብስበው ታዩ።

«አለ! ጤነኛ ነው፣ እዚያው ይቁረጡ!» ብላ በስልክ ጮኸች። ከዚያ ወንበር ላይ ዘፍ አለች።

በሳምንቱ አንዲት ወጣት እናት የምርመራ ክፍሉን በር አንኳኳች። ከዚያ በፊት የታማሚ ዘመድ እዚያ ድረስ መጥቶ አያውቅም። በእጇ ፌስታል ይዛለች፤ ፌስታሉ ውስጥ የቆሸሸ ዳይፐር አለ።

«እዩልኝ!» አለች እንባዋ እየወረደ። «ልጄ ፈታ አለልኝ!»

ቃሉን ማንም አልነገራትም። ወጣቱ ሐኪም አፍንጫውን ይዞ ሳቀ። ወይዘሮ ሰማያዊ ግን ፌስታሉን በሁለት እጇ ተቀበለች። ሃያ ሁለት ዓመት በመስታወት ላይ ያየችው ሁሉ ቀለም ብቻ ነበር።

«አንጀቴን አራስሽው፣ ልጄ» አለቻት።