የአንደኛ ክፍል አግዳሚ

እትዬ አስራ ዘጠኝ ዓመት አንደኛ ክፍል አስተምራለች። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዋ እኔ ነበርኩ። ታናሽ እህቴ ናት ብላ ያዳላችልኝ አንድም ቀን የለም፤ ክፍሉ ሲንጫጫ መጀመሪያ የምትቆጣው እኔን ነው፣ ሌላው በእኔ እንዲማር።

በዚያ ትምህርት ቤት ያሉት አስተማሪዎች ሁሉ ሴቶች ነበሩ። ወንድ ከተባለ ዳይሬክተሩና ዘበኛው ብቻ። እትዬ እረፍት ሰዓት ላይ፣ እዚህ ግቢ ወንድ የሚቀጠረው ወይ ለማዘዝ ወይ በር ለመዝጋት ነው እያለች ጓደኞቿን ታስቅ ነበር።

አምና ግን አንድ ወጣት አስተማሪ መጣና አንደኛ «ለ» ተሰጠው። እትዬ አንደኛ «ሀ» ናት። ሴቶቹ ስሙን ትተው «ብቸኛው» አሉት። የወላጁ ነገር ደግሞ ጉድ ነው። ለስብሰባ ሲጠሩ ሥራ አለን የሚሉ አባቶች እሱን ለመተዋወቅ በጠዋት ይሰለፉ ጀመር። እናቶችም ወንድ አስተማሪ መጣ፣ ልጆቻችን ሰው ሊሆኑ ነው ተባባሉ። ልክ እስከዚያ ድረስ ልጆቹ ሰው እንዳልነበሩ።

እትዬን ቅናት ያዛት። ብቸኛው ኳስ ይዞ ሲወጣ፣ ከእሷ ክፍል ስንት ልጅ እየከዳ እንደሮጠ በመስኮት ትቆጥራለች። በሳምንቱ ፊሽካ ገዝታ እሷም ሜዳ ወረደች። ኳሱን ልትመታ ስትል ጫማዋ ተወርውሮ የዘበኛው ቤት ጣሪያ ላይ አረፈ። ብቸኛው ክፉ ቢሆን እንኳ ይቀላት ነበር፤ እሱ ግን መሰላል አምጥቶ ጫማውን አወረደላት። ይሄ ደግሞ ባሰባት።

አንድ ቀን ልብስ ሳጥብ መጥታ አጠገቤ ቆመችና፣ «እኔ አስራ ዘጠኝ ዓመት አፍንጫ ስጠርግ ማን አየኝ?» አለችኝ። «እሱ ትናንት የአንድ ልጅ አፍንጫ ቢጠርግ ግቢው በሙሉ መረቀው።»

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል አልኳት። እሷ ግን ተረት አልፈለገችም።

ችግሩ የመጣው ዘንድሮ ነው። ቅርብ ሌላ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ልጅ ስላነሰ፣ ሁለቱ አንደኛ ክፍሎች አንድ ይሆናሉ ተባለ። ማን ይያዘው? የዚያ ትምህርት ቤት ልማድ እንዲህ ነው፦ በምዝገባ ጠዋት እያንዳንዱ አስተማሪ በሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ያወጣል፣ ወላጅ ልጁን ይዞ የሚፈልገው አስተማሪ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። ዳይሬክተሩ፣ አግዳሚው የሞላለት አንደኛ ክፍልን ይይዛል፣ ሌላው ወደ አራተኛ ክፍል፣ ወደ ከሰዓት ፈረቃ ይሄዳል አሉ። ለእትዬ አንደኛ ክፍልን መልቀቅ ቤቷን እንደመልቀቅ ነው።

የእኔም ልጅ ሊመዘገብ ደርሷል። ባለቤቴ ሴራሚክ አንጣፊ ነው፤ ሥራ ካገኘበት ከተማ ወር እስኪሞላ አይመጣም። ልጄ እኔን፣ እናቴንና አክስቱን ብቻ እያየ ነው ያደገው። ሲያድግ ምን እንደሚሆን ሲጠየቅ «እናት» ብሎ መልሶ አባቱን አስደንግጦታል። ባለቤቴ በስልክ፣ ወንዱ ጋ አስገቢው አለኝ። የእሱ ቃል ብቻ ቢሆን እምቢ እል ነበር፤ እኔም ልቤ እዚያው ነበር።

በዋዜማው እትዬ መጥታ፣ ነገ ቀድሜ እንድደርስ ነገረችኝ። ባዶ አግዳሚ ላይ ሰው አይቀመጥም፤ አንድ ሰው ሲያይ ነው ሌላው የሚከተለው አለች። እኔ ዝም አልኩ። ዝምታዬን እሺታ አድርጋ ወሰደችው።

ጠዋት ስደርስ እሷ ጋ አራት ወላጆች አሉ፣ እሱ ጋ ዘጠኝ። ልጄን ይዤ በእሷ በር አልፌ የእሱ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። እትዬ አየችኝ። መዝገቧን ታስተካክል ጀመር። ከእኔ በኋላ የመጡት፣ እህቷ እንኳ ወዲያ ሄዳለች እያሉ ተከተሉኝ። ስድስት ሰዓት ላይ ዳይሬክተሩ ሲቆጥሩ ሃያ አራት ለአስራ አምስት ሆነ።

ሰዉ ሲበተን መጥታ ፊቴ ቆመች።

«አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ» አለች። «ከእኔ ስለሚበልጥ ነው ወይስ ወንድ ስለሆነ?»

መዋሸት አቃተኝ። «ወንድ ስለሆነ ነው፣ እትዬ።»

«ይበልጥሻል ብትዪኝ እችለው ነበር» አለች። «ሌሊትም ተቀምጬ ተዘጋጅቼ እበልጠው ነበር። ይሄን ግን በምን ልብለጠው?»

በዚያው ወደ ዳይሬክተሩ ገባች። አስተማሪ በዕጣ ይለይ፣ አግዳሚው ይቅር አለቻቸው። እሳቸውም አስራ ዘጠኝ ዓመት አግዳሚው ሲሞላላት ለምን ዕጣ እንዳልጠየቀች ጠየቋት። በእነዚያ ዓመታት አጠገቧ ስንት ሴት አስተማሪ ወደ ከሰዓት ፈረቃ እንደተገፋች አስታወሰች መሰለኝ፣ የዕጣውን ነገር ትታ ወጣች። ይህን ከሁለት ሳምንት በኋላ ቤቴ መጥታ ራሷ ናት የነገረችኝ።

አሁን አራተኛ ክፍል ታስተምራለች። ልጄ ስድስት ሰዓት ሲወጣ እሷ ትገባለች። በሩ ላይ ይዛው፣ ዛሬ ምን ተማርክ ትለዋለች። ሲነግራት፣ ይሄንን እኔ በሁለተኛው ሳምንት ነበር የምጨርሰው ትላለች፣ እኔ እንድሰማ። ልጄ ግን አዲስ አመል አምጥቷል፤ ምሳ ከበላ በኋላ ሳህኑን ራሱ ያጥባል፣ አስተማሪያችን ያጥባል ብሎ። ስለዚህ አልተጸጸትኩም።

ባለፈው ሳምንት በር ላይ ሲገናኙ ልጄ መልእክት ነበረው። ብቸኛው ለልጆቹ የመቀነስ ሒሳብ ማስረዳት አቅቶት፣ አክስትህ እንዴት ታስተምር እንደነበር ጠይቅልኝ ብሎታል። እትዬ ቀጥ ብላ አልፋ ሄደች። ደረጃው ጋ ስትደርስ ዞረች።

«ሃምሳ ጠጠር ይዞ ነገ ስድስት ሰዓት ክፍሌ ይምጣ በለው» አለች። «ሲያስተምራቸው ግን ከማን እንደተማረው ለልጆቹ ይንገራቸው።»